ሚሚዬ፣ ቲኬቱን ገና አትቁረጪ

ይድረስ ለልጄ ለሚሚዬ፣

እንደምን አለሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። የድሬ ሙቀት ትንሽ ረገብ ብሏል፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምሬአለሁ።

ትናንት ወንድምሽ ደወለ። ለገና ጅቡቲ ልትሄዱ ነው አለኝ። አስጎብኚ የለም፣ ሁሉን የምታደርጉት ራሳችሁ ናችሁ፣ ባልሽም የየቀኑን ወጪ በኤክሴል ሠርቶ ጨርሷል። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሆቴሉ ተከፍሏል፣ የትንሹ ፓስፖርት ግን ገና አልወጣም። ለምን ቢባል ቅናሽ ስለነበረው! ልጄ፣ የከፈልሽውን ከፍለሻል። የባቡሩን ቲኬት ግን የልጁ ወረቀት እጅሽ ሳይገባ እንዳትቆርጪ።

አባቴ አረጀ፣ ነገር ያከብዳል እንደምትይ አውቃለሁ። በይ። ነገ ጠዋት ግን የልደት ሰርተፍኬቱን አውጥተሽ እዪው። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም በእንግሊዝኛው ፊደል ከባልሽ ፓስፖርት ጋር አንድ ነው? አንዲት ፊደል ብትለይ አሁኑኑ አስተካክሉ። የእናንተንም ፓስፖርት ማብቂያ ቀን እዩ፤ ስድስት ወር የማይቀረው ከሆነ አትመኑት። የቢጫ ወባ ክትባት ለሁላችሁም። ካርዱ የሚያገለግለው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ለዋዜማው አይደረስም። ዶላር ለመውሰድ ባንክ ስትሄጂም ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይሉሻል። ሁሉም ነገር አንዱ ባንዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም የሚንጠለጠለው በትንሹ ልጅሽ ወረቀት ላይ ነው።

ያን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለውን። አንቺና እኔ ጅቡቲ ወደቡ አጠገብ፣ አንቺ በቢጫ ቀሚስ። ሰው ሲጠይቅሽ "ወንድሜ ታሞ ነው እማዬ የቀረችው" ትያለሽ። እንደዚያ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ወንድምሽ አልታመመም።

በ1986 ነው። አንቺ 7 ዓመትሽ፣ እሱ 2 ዓመቱ። እኔ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ፤ ለሠራተኛ ከነቤተሰቡ ነፃ ቲኬት ነበረን። እናትሽ ከተጋባን ጀምሮ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ባሕር ማየት። እዚሁ ከዚራ ተወልዳ፣ ባሕሩ በሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ሳሙናውም ሽቶውም ከዚያ እየመጣላት፣ ባሕሩን አላየችም። ያኔ ልጅ የሚሻገረው በወላጁ ፓስፖርት ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር። አንቺ እኔ ላይ ተጽፈሻል። ወንድምሽ እናትሽ ላይ መጻፍ ነበረበት። ፓስፖርቷን አዲስ አበባ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ። ነገ እልካለሁ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። በኋላማ "እኔ የባቡር ሰው ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል" አልኩ።

ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን አለፍን። እናትሽ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎቹ መሃል ተቀምጣ ሳምቡሳ ታድላለች። ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ስንደርስ ተቆጣጣሪው ገባ። ፓስፖርቱን አገላበጠና "ይሄ ልጅ የለም" አለ። ወንድምሽ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብስኩት ይበላል። ሰውየው የለም ይለኛል።

አራታችንም መመለስ ነበረብን። እኔ ግን ቲኬቱ እንዳይባክን አልኩ። ነፃ ቲኬት! እናትሽ ወንድምሽን አዝላ ወረደች። አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሽ ነበር። ደወሌ ጣቢያው ላይ አደሩ፤ አንዲት ነጋዴ ሽርጥ አልብሳቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ስንመለስ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቢጫ ቀሚስ እያጠበች "ባሕሩ ምን ምን ይሸታል?" አለችኝ። "ዓሣ" አልኳት። ሌላ ጊዜ እወስድሻለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ሲኖር ገንዘቡ የለም፣ ገንዘቡ ሲኖር ባቡሩ የለም። የድሮው ሐዲድ ሞተ። አዲሱ በ2010 ሰው መጫን ሲጀምር እሷ የለችም።

ስለዚህ ወረቀቱ ሳይወጣ ቲኬት አትቁረጪ ስልሽ ዝም ብዬ አይደለም።

በሉ አሁን ስለ መንገዱ። ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ ተነሥታችሁ በአንድ ትንፋሽ ጅቡቲ አትግቡ፤ ልጆች ይሰለቻሉ። ድሬ ወርዳችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። ለእኔ ብዬ አይደለም። (ለእኔም ብዬ ነው።) አዲሱ ጣቢያ እንደ ለገሃሩ መሃል ከተማ አይደለም፣ ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅ ይዤ እቀበላችኋለሁ። ያን ጣፋጭ፣ ሙሸበኩንም አስቀምጣለሁ።

ባልሽ ኤክሴሉን ያስተካክል። ጅቡቲ ውድ ናት፤ ለ1 ዶላር የሚሰጡሽ 177 ፍራንክ ገደማ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ከምሳ በኋላ እንደ ድሬ ነው፣ የእኛኑ የሐረርጌን ጫት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጉዳይ ካለሽ በጠዋት ጨርሺ። የመረጣችሁት ወር ግን ጥሩ ነው። በሙቀታቸው ወራት ብትሄዱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ልጆቹን ታስጨርሺ ነበር። ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውም ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰው አይበላም። እንደዚያም ሆኖ ትንሹ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ! የደጋ ልጅ ነው፣ ዋና አያውቅም።

አሳል ሐይቅ እንደምትሄዱ እርግጠኛ ነኝ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፣ በአፍሪካ ከዚያ በታች መሬት የለም። ጨውነቱ የባሕሩን 10 እጥፍ ያህላል። የደረቀው ጨው እግር ይቆርጣል፣ ጫማ አታውልቁ። ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ፤ መታጠቢያ ንጹህ ውሃ በጄሪካን ያዙ።

የትንሹ ፓስፖርት የወጣ ቀን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ስሙን በመነጽሬ ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። እስከዚያ ቲኬቱን አትቁረጪ።

አባትሽ

ደግሞ ረስቼው። ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። እሱም እስከ ዛሬ ባሕር አላየም። ፓስፖርት አለው፣ ጠይቄዋለሁ። የእሱን ቲኬት እኔ ነኝ የምከፍለው።