አባታችንን ይዛችሁ ላወጣችሁልን

ይድረስ ደብረ ማርቆስ ላይ መጠጥ ለማቆም እሑድ እሑድ ለምትሰበሰቡት ወንድሞችና እህቶች። ስማችን በአደባባይ አይነሳ ስላላችሁ አላነሳውም። ግን ዝም ብሎ ማለፍም አልሆነልኝም። እናቴም «ውለታ በሊታ አታድርጉኝ፣ ጻፊላቸው» ብላኛለች።

አባታችን ልብስ ሰፊ ናቸው። አረቄው መጀመሪያ የማታ ነበር፤ እያደር የጠዋት ሆነ። ሱቅ ሳይከፍቱ አንድ መለኪያ ካልቀመሱ ክርና መርፌ ማገናኘት አቃታቸው። ክሩን በምላሳቸው ያረጥባሉ፣ ወደ መርፌው ቀዳዳ ያስጠጋሉ፣ ክሩ ግን ግራና ቀኝ ይላል። ከዚያ እኔን ይጠራሉ። አስገብቼ እሰጣቸዋለሁ። ሁለታችንም ምንም አንናገርም።

ምክርማ ሞልቷል። ሽማግሌ ገብቷል፣ የንስሐ አባታቸው ገዝተዋቸዋል፣ ዘመድ ተቆጥቷል። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ያንን የክሩን ነገር ቆሞ አየ። ያን ዕለት ምንም አላለም። በማግሥቱ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ሒሳቡን ከፍሎ «ጋሼ፣ የኔም እጅ እንዲህ ነበር» አላቸው። ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ ራስህን ታውቃለህ። አባታችን ስለ መጠጣቸው ሲያወሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ ካንተ ጋር።

እኛ ያሰብነው በር ዘግተን ልናስተዋቸው ነበር። ጎረቤትም «ሦስት ቀን ቆልፉባቸው፣ ይለቃቸዋል» ብሎናል። ያስቆማችሁን እናንተ ናችሁ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ሊገድለውም እንደሚችል የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። ቆልፈንባቸው ቢሆን ኖሮ! በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዳችኋቸው። ሐኪሞቹ አስተኝተው፣ ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 እየሰጡ ያንን ክፉ ጊዜ አሳለፏቸው። እናታችን ጸበል ካልወሰድኳቸው ስትልም አልተከራከራችኋትም። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጠመቁ» አላችሁ፤ እንዲሁ ተደረገ። ለሐኪሞቹና ሌሊቱን ቆመው ላነጉት ነርሶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

የመጀመሪያው እሑድ አባታችን ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ ጥግ ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። አንዱ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል። መሃል ገብቶ የሚመክር የለም። መዋጮም የለም፤ ማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል አላችሁ። አንዳችሁ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ስብስብ በፈረንጆች 1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ላይ መጠጥ ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች እንደጀመሩት፣ አንደኛውም የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንደነበር አጫወታችኋቸው። «የሐኪሙም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አዎ አላችኋቸው። ያን ማታ ራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ጎጃም ውስጥ አልጠጣም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ለጎጃሜ አይነገርም። ጠላ የሌለበት ማኅበር፣ የደምበጫ አረቄ የማይቀርብበት ድግስ የት አለ? «በሞቴ!» ሲባሉ እምቢ ማለት ሰው መናቅ ይመስላል። የሚካኤል ማኅበር ተራው እኛ ቤት ሲደርስ ሁለታችሁ ቀድማችሁ መጥታችሁ አባታችንን መሃል አድርጋችሁ ተቀመጣችሁ። እናታችን ጠላውን ትታ ጌሾ ያልነካው፣ የዚያኑ ቀን የተበጠበጠ ብርዝ አቀረበች። ማኅበርተኛው ምን ይል ይሆን ብለን ፈርተን ነበር። አንድ አዛውንት ዋንጫቸውን አንስተው «ዛሬ ሁላችንም ከብርዙ ነን» አሉ። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ፋሲካ ላይ ግን ጠጡ። ሁዳዴን ጾመው፣ ሰው ሁሉ እየጠጣ ሲጫወት፣ ከዘመድ ቤት ሰክረው ገቡ። እናታችን እያለቀሰች ደወለችላችሁ። በዓል ነው ሳትሉ መጣችሁ። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ። መጀመሪያ የጠየቃችሁት «እህል ቀምሰዋል?» ብላችሁ ነው። ከዚያ እንደገና ሐኪም ዘንድ፣ እንደገና እሑድ ቡና ላይ። ስብስቡ ላቆሙ ሰዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለወደቀም እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁም ለሱ ነው።

ስለ እህቶቻችንም ልበል። ሴት ስትጠጣ ደብቃ ነው፣ ስትታመም ደብቃ ነው፣ ብታቆምም አታወራውም። ከመካከላችሁ አንዷ ግን እናታችን ጎን ቁጭ ብላ የራሷን ታሪክ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። እናታችን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ራሷን ስትበላ የኖረች ሴት ናት። «እትዬ፣ ይሄ በሽታ ነው፣ ጥፋተኛ የለበትም» ስትባል ያን ቀን እፎይ ስትል አየኋት። እህቴ፣ ያንን እኛ ልጆቿ ልናደርግላት አልቻልንም ነበር።

አሁን አባታችን ሥራቸው ላይ ናቸው። ማታ ስልካቸው ሲጮኽ ደግሞ ያነሳሉ፤ ብዙ ጊዜ አዲስ የገባ ሰው ነው። ይህችን እሳቸው ናቸው ጨምሪልኝ ያሉኝ፦ ከማርቆስም ሆነ ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ፣ ከደጀን የምትመጡ፣ በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ በድንገት አታቁሙ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ከዚያ እሑድ ኑ። በሩ ጥግ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ከብዙ ምስጋና ጋር፣
የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር
ደብረ ማርቆስ