የስድስት ወሩ ሕክምና የአዳዲስ ውህዶችን ፍለጋ ሊያዘናጋ አይገባም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በስድስት ወር ሕክምና ሊድን መቻሉ በመገናኛ ብዙኃን ሲነገር እሰማለሁ። ሕመምተኛው 18 ወርና ከዚያም በላይ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር፣ ካናማይሲንን የመሰሉ መርፌዎችም የብዙዎችን ጆሮ እንዳደነቆሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚያሳስበኝ ነገሩ እንዳለቀለት ተደርጎ መቅረቡ ነው።

የዚህ ሕክምና ምሰሶ የሆነው ቤዳኩይሊን እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሲጸድቅ፣ ቲቢን በአዲስ መንገድ የሚያጠቃ መድኃኒት ሳይገኝ 40 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። መድኃኒቱ ባክቴሪያው ኃይል የሚያመነጭበትን ኤንዛይም ይገታል። ሆኖም ባክቴሪያው የገባበትን መድኃኒት ወደ ውጭ የሚተፋበት ፓምፕ አለው፤ ይህን ፓምፕ የሚገድበው ዘረ መል ሲለወጥ ፓምፑ ከልክ በላይ ይሠራና ቤዳኩይሊን ይዳከማል፣ ክሎፋዚሚን የተባለው ሌላው የቲቢ መድኃኒትም አብሮት ይዳከማል። እንዲህ ያለ መላመድ በሕመምተኞች ላይ መታየት ጀምሯል፤ በጤና ተቋማት ያለው የጂን ኤክስፐርት የቲቢ ምርመራ ደግሞ ዋነኛ የቲቢ መድኃኒት ለሆነው ለሪፋምፒሲን ያለውን መላመድ እንጂ ለቤዳኩይሊን ያለውን አያሳይም።

ስለዚህ ለአዲስ የቲቢ መድኃኒትነት በሙከራ ላይ ካሉት ውህዶች መካከል የትኞቹ ቅድሚያ ያግኙ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቲቢኤጄ-876 የተሻሻለ የቤዳኩይሊን ዘመድ ሲሆን የሚያጠቃውም ያንኑ ኤንዛይም ነው። ቦሮን ያለበት ጋንፌቦሮል ግን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ሂደት ያውካል፤ ኩዋቦዴፒስታት ደግሞ የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ ያሰናክላል። በእኔ እምነት ይበልጥ ሊደገፉ የሚገባቸው እንዲህ ያልተነካ ዒላማ የሚመቱት ናቸው። የቲቢ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ድኻ በመሆኑ ኩባንያዎች ትርፍ አይታያቸውም፤ ወጪውን የመንግሥታትና የሕዝብ ገንዘብ ካልሸፈነው ፍለጋው ይቆማል።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ሕክምናውን ለማሳጠር በተካሄደው ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈዋል፤ ሕመምተኞቻችንም ሰውነታቸውን ለሙከራው ሰጥተዋል። ተሳትፏችን ግን ሌሎች ያገኙትን መድኃኒት በመፈተን ብቻ መወሰን የለበትም። የጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኬሚስቶቻችን ከዕፀዋት የሚለዩአቸውንና በላቦራቶሪ የሚያዘጋጁአቸውን ውህዶች መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ላይ የሚፈትኑበትን አስተማማኝ ላቦራቶሪ ቋሚ በጀት መድበው እንዲከፍቱላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ