ግቢሽ ውስጥ ቀድሞ የሚያብብ ክሮከስ ትከዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ትንሹስ ደህና ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከደጃፍሽ ያለችውን ጠባብ መሬት ምን ልትከልባት ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ደስታዬ ልክ የለውም። ክሮከስ የሚባለውን አበባ ትከዪ፤ ያውም ቀድመው የሚያብቡትን ትንንሾቹን። ይህን ብቻ ብዬ ብተውሽ ግን ገበያ ስትወጪ ዓይንሽ ትልልቆቹ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ታገሺኝና በዝርዝር ልንገርሽ።

ትልልቆቹ ክሮከስ ቨርነስ ከሚባለው ዝርያ የወጡት የደች ክሮከሶች ናቸው። ያምራሉ። ነገር ግን ከትንንሾቹ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይተው ነው የሚፈኩት፤ በዚያን ጊዜ ሌሎች አበቦችም ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። እኔ ለአንቺ የምፈልገው ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ መሬቱ ላይ ሌላ ምንም ቀለም በሌለበት ሰዓት የሚወጣውን ነው። የብርዱ ወራት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ጥር ሲያልቅና የካቲት ሲገባ ከቤት ስትወጪ የሚቀበልሽ ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጥልሽ ክሮከስ ቶማሲኒያነስን ነው። ስሙን ያገኘው ከሙዚዮ ቶማሲኒ ነው፤ የእጽዋት ተመራማሪና የትሪየስቴ ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው። አገሩ ባልካን ነው፤ እዚያ ጫካ ውስጥና ጥላ በሚበዛበት ዳገት ላይ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ቀጭን ነው፤ ሲዘጋ ከውጭ ብርማ መስሎ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ግን ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ይከፈታል። ጠቆር ያለውን ከወደድሽ ሩቢ ጃይንት የሚባለውን ፈልጊ። ቶማሲኒያነስን የምወደው ለመልኩ ብቻ አይደለም፤ ቦታው ከተስማማው ራሱ ዘሩን እየጣለ ይሰፋል፤ ጉንዳኖችም ዘሩን እየተሸከሙ ባላሰብሽበት ጥግ ያበቅሉልሻል። ሽኮኮዎችም ከሌሎቹ ይልቅ እሱን ይተዉታል።

ሁለተኛው ክሮከስ ክሪሳንተስ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ ካሸተትሽው ማር ማር ይላል። ከእሱ ከወጡት መካከል ክሪም ቢዩቲ ለስላሳ ቢጫ፣ ብሉ ፐርል ደግሞ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ነጩን ስኖው በንቲንግን ያወጣው እንግሊዛዊው አትክልተኛ ኤድዋርድ ኦገስተስ ቦውልስ (1865–1954) ሲሆን ዕድሜውን በክሮከስ ፍቅር የጨረሰ ሰው ነበር፤ አበባውን ስታዪ ትረጂለታለሽ። ከግሪክ ተራሮች የመጣው ክሮከስ ሲበሪም አለ፤ ትራይከለር የተባለው ዓይነት ጫፉ ሐምራዊ፣ መሐሉ ነጭ፣ ጉሮሮው ቢጫ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ግን ሁለት ዓይነት ይበቃሻል።

አሁን ወደ ኮረቱ፣ መሬት ውስጥ ወደሚቀበረው ድቡልቡል ነገር ልምጣ። ሲያዩት ትንሽ ሽንኩርት ይመስላል፤ ለሁለት ቢከፈል ግን ውስጡ ድርብርብ ሳይሆን ድፍን ነው። ያ ድፍን ነገር ስንቁ ነው። አበባውም ሙቀቱ ወራት ላይ እዚያው ውስጥ ተሠርቶ ያደረ ነው፤ አንቺ የምትገዢው የተዘጋጀ አበባ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስትጫኚው ጠንከር ያለውን፣ ሻጋታ የሌለበትን ምረጪ። እንደ ገዛሽ ትከዪው፤ ማቆየት ካለብሽ ቀዝቃዛና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አኑሪው፤ ከበሰሉ ፍራፍሬዎች ግን አርቂው፤ ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለው ጋዝ ውስጡ ያለውን እምቡጥ ሊያበላሸው ይችላል።

የመትከያው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። አፈሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ሥሩን ይሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ብርድ ደግሞ አበባው በጊዜው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ብርድ ለእሱ ጠላቱ አይደለም፤ ያለ ብርድ በደንብ አያብብም። በማሰሮ ተክለው ቤት ውስጥ ሊያፈኩት የሚፈልጉ ሰዎች እንኳ አስቀድመው ከ12 እስከ 15 ሳምንት ከ9 ዲግሪ ሴልሽየስ በታች ያቆዩታል።

ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አፈርሽ አሸዋማ ከሆነ ትንሽ ጨምሪበት። በመካከላቸው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዪ፤ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ ነው። በመስመር አትደርድሪያቸው፤ እባክሽን! በአንድ ቦታ ሃያም ሠላሳም ሆነው ተጠጋግተው ሲወጡ ነው ውበታቸው። መሬቱ ውኃ የሚይዝ ጭቃማ ከሆነ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅይበት፤ ኮረቱን ከብርድ ይልቅ የሚገድለው የቆመ ውኃ ነው።

ቦታውን ስትመርጪ ፀሐይ የሚለውን ነገር በቀላሉ እንዳታዪው። ክሮከስ ሙቀትን የሚያውቅ አበባ ነው፤ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ለውጥ እንኳ ይሰማዋል። ሲሞቅ የመልካበባው (ባለ ቀለሙ የአበባ ቅጠል) ውስጠኛ ገጽ ከውጨኛው ፈጥኖ ያድግና አበባው ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውጨኛው ይቀድምና ይዘጋል። ጥላ ውስጥ የተተከለ ክሮከስ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ሊውል ይችላል። አንቺ ደግሞ ሳይነጋ ወጥተሽ ሲመሽ የምትገቢ ነሽ፤ በሥራ ቀን ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው የምታገኚው። ስለዚህ በዕረፍት ቀንሽ እኩለ ቀን ላይ ከመስኮት የምታዪው ቦታ ላይ አድርጊው። ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ሥርም ጥሩ ነው፤ ክሮከሱ በሚያብብበት ጊዜ ዛፉ ራቁቱን ስለሆነ ብርሃን አይከለክለውም። ፀሐይ ባገኘ ቀን ንቦችም አያጡትም፤ በተለይ ጸጉራሞቹ ትልልቅ ንቦች ከእንቅልፍ ነቅተው የአበባ ዱቄት በሚፈልጉበት ሰዓት ሌላ የሚያገኙት ጥቂት ነው።

አሁን ልብ ብለሽ እንድታነቢው የምፈልገው ጋ ደረስኩ። አበባው ጠውልጎ ሲወድቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም፤ ገና መጀመሩ ነው። የዘንድሮው ኮረት ስንቁን ጨርሶ ይሞታል፤ ከላዩ ላይ አዲስ ኮረት ይሠራል፤ ያ አዲሱ የሚሞላው ደግሞ ቅጠሉ ከፀሐይ በሚያመጣው ምግብ ብቻ ነው። አዲሱ ከአሮጌው በላይ ስለሚሠራ በየዓመቱ ወደ አፈሩ ፊት በወጣ ነበር፤ ለዚህም ወፈር ያሉ፣ የሚኮማተሩ ሥሮች አሉትና መልሰው ወደ ታች ይስቡታል። ይህ ሁሉ ከመሬት በታች ሲካሄድ አንቺ የምታዪው መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለበትን ቀጭን አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው። አትቁረጪው፤ አትቋጥሪው፤ አትጎንጉኚው። ስድስት ሳምንት ያህል፣ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ ድረስ ተዪው። ሣር መሐል የተከልሽው ካለ ማጨጃውን ከዚያ ቦታ አርቂ፤ ጎረቤት ሣርሽ ረዘመ ቢልሽም አትስሚው። ክሮከስ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ጠፋ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ቀድመው ያጨዱ ናቸው።

ዘሩም እንደዚሁ ነው። ከአበባው ሥር ያለው ነጭ ዘንግ የሚመስለው ነገር ግንድ ሳይሆን የአበባው የራሱ ቱቦ ነው፤ ዘር የሚቋጠርበት ክፍል ከአፈር በታች ከብርድ ተጠልሎ ይቀመጥና ዘሩ ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላል። ቶማሲኒያነስ እንዲበዛልሽ ከፈለግሽ በዚያ ሰሞን መሬቱን አትኮትኩቺው። ከዘር የበቀለው ለማበብ ዓመታት ይፈልጋል።

አይጥና ሽኮኮ ኮረቱን እየቆፈሩ ይበላሉ። ስትተክዪ የተላጠውን ልጣጭ ከመሬቱ ላይ ልቀሚ፤ ሽታው ይጠራቸዋል። ከበዙብሽ ወንፊት ሽቦ ከላይ አልብሰሽ በአፈር ሸፍኚው፤ ቅጠሉ በቀዳዳው ይወጣል። ድንቢጦች ደግሞ ቢጫውን አበባ እየመረጡ ይቦጫጭቁታል፤ ለዚህ ይህ ነው የሚባል መላ የለኝም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አሳስብሻለሁ። በእንግሊዝኛ አውተም ክሮከስ እየተባለ የሚሸጥ ኮልቺከም የሚባል ተክል አለ፤ ክሮከስ አይደለም፤ ኮልቺሲን የተባለ ገዳይ መርዝ አለው። የሚለየው በወንዴ ዘንጎቹ፣ አበባው መሐል የአበባ ዱቄት በሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ነው፤ ክሮከስ ሦስት፣ ኮልቺከም ስድስት አሉት። ኮረቱ ላይ ግን አበባ ስለሌለ መቁጠር አትችዪም፤ ስለዚህ ሙሉ የሳይንስ ስሙ ያልተጻፈበትን አትግዢ። ትንሹ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚሰድበት ዕድሜ ላይ ነውና ኮልቺከም ግቢሽ ውስጥ አይግባ። ሌሎቹንም ኮረቶች ቢሆን እጁ ከሚደርስበት አርቀሽ አስቀምጪ።

ለዚህ ዓመት 50 ቶማሲኒያነስና 25 ክሪም ቢዩቲ ግዢ። ቶሎ ስለሚያልቁ መስከረም እንደ ገባ ፈልጊያቸው። እስከዚያው ድረስ ፀሐዩ ደጃፍሽ ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ዝናብ ሲዘንብም ውኃው የት ጋ እንደሚቆም አይተሽ ጻፊልኝ፤ ቦታውን አብረን እንመርጣለን።

ትንሹን ሳሚልኝ።

እናትሽ