ቪዲዮ ቤቶቹንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ደሴ ታሪክ ሲጻፍ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አይቀርም። ይገባዋልም። በሳንቲም ገብተን ፊልም እናይባቸው የነበሩትን የሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ግን ማንም አያነሳቸውም። ሸዋ በር ሰፈር እኛ ያደግንበት ቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል።

ጭቃ ቤት ነበር። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል። በሩ ላይ የፊልሙ ስምና ሰዓቱ በጠመኔ ይጻፋል። ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ)። የቪኤችኤስ ካሴት ብዙ ሲታይ ይጎዳል፤ የዴኩም ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ይቆሽሻል። ምስሉ በመስመር ሲሞላ ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ሄዱን በአልኮል ይጠርጋል። እኛ እናፏጫለን። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ «አክተሩ አይሞትም፣ አትፍሩ» ብሎ ያበላሽብናል። (እሱን እስካሁን አልማርኩትም።) የህንድ ፊልም የሆነ ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ እንቀመጣለን፣ በዚያችው ሳንቲም።

መጀመሪያ ቪሲዲ፣ ቀጥሎ ዲቪዲ በየቤቱ ገባ፤ ዲሽ ተጨመረ። የኛን ማንም አልዘጋውም፤ ሰው ቀረበት።

ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ አሁንም ፒያሳ ቡና ሲጠጡ ይታያሉ። ጋዜጠኛ ልካችሁ አነጋግሯቸው። ካሴቱን ከየት ያመጡት እንደነበር፣ የትኛው ፊልም ቤቱን በሰው ያጨናንቅ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንድ የድሮ ደንበኛ፣ ከደሴ