ያረገዘች ላም ከመከተቧ በፊት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ድቅል ላሞች የሚያረቡ ሰዎችን በእንስሳት ሕክምና ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ሁለት ላሞቻቸው በሰባተኛ ወራቸው የጨነገፉባቸው አንዲት እናት፣ የቀሩትን አራት ያረገዙ ላሞች የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) ክትባት እንድሰጥላቸው፣ «ከየትም ብለህ አምጣና ውጋልኝ ልጄ» ብለው ለመኑኝ። ክትባቱ እንደ አባ ሰንጋ በየጊዜው በዘመቻ የሚሰጥ አለመሆኑን ያውቃሉ። እኔ ግን ቢገኝም አልወጋም አልኳቸውና ቅር ብሏቸው ተለያየን። በበረት ደጃፍ ቆሜ በሚገባ ስላላስረዳሁ፣ ጥያቄያቸውም የብዙ አርቢዎች ጥያቄ ስለሆነ፣ ምክንያቴን በጋዜጣችሁ ላቅርብ።

ለላሞች የሚሰጡት ሁለቱ የታወቁ የብሩሴሎሲስ ክትባቶች፣ ኤስ 19 እና አርቢ 51፣ የተዳከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዙ ናቸው። የበሽታው ባክቴሪያ ሊውጡት የመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት ራሳቸውን መሸሸጊያ አድርጎ በውስጣቸው ስለሚኖር፣ በደም የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት ብቻቸውን አይደርሱበትም፤ የተሸሸገበትን ሕዋስ ለይተው የሚያጠቁ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት መነቃቃት አለባቸው፣ ይህንንም ሕይወት ያለው ክትባት ከሞተው በተሻለ ያደርጋል። ላሟ ስታረግዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእናቲቱ አካል ፅንሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው ይኸው መከላከያ በማህፀኗ አካባቢ ይለዝባል፤ የእንግዴ ልጁም ለባክቴሪያው የተመቸ መራቢያ ነው። በዚህ የተነሳ ጊደርን የማይጎዳው የተዳከመ ባክቴሪያ፣ ባረገዘች ላም ውስጥ አንዳንድ ጊዜ እንግዴ ልጁ ላይ ሰፍሮ ልንከላከለው የተነሳነውን ውርጃ ራሱ ያመጣል።

የተከተበች ያረገዘች ላም ሁሉ ትጨነግፋለች ማለቴ አይደለም። ኤስ 19 ለሴት ጥጆች ከ3 እስከ 6 ወር ዕድሜያቸው ውስጥ በሙሉ መጠን አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። አዋቂ ላሞችን መከተብ ግድ ሲሆን መጠኑ በብዙ እጥፍ ይቀነሳል፤ በዓይን ጠብታ መልክ ሲሰጥም የውርጃውና የክትባቱ ባክቴሪያ በወተት የመውጣቱ አደጋ ያንሳል። ይሁን እንጂ አደጋው አነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የበግና የፍየሉ ሬቭ 1 ክትባትም እንዲሁ ነው።

ከውርጃው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ መዝገብ አለመያዛችን ነው። ኤስ 19 የተከተበች አዋቂ ላም ፀረ እንግዳ አካሏ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ፀረ እንግዳ አካልን በሚፈልገው የሮዝ ቤንጋል የደም ምርመራ እንደታመመች ትታያለች፤ መከተቧን የሚያሳይ ካርድ ከሌላት ጤነኛዋ ላም ለቄራ ትሸጣለች። አርቢ 51 ይህን ችግር አያስከትልም፤ ሆኖም በሰው የብሩሴሎሲስ ሕክምና የሚታዘዘውን ሪፋምፒሲን የተባለ መድኃኒት የሚቋቋም በመሆኑ፣ ከታቢው በስህተት እጁን ቢወጋ ለሐኪሙ የክትባቱን ስም መንገር አለበት።

እኚያን እናት አሁን የሚጠቅማቸው ክትባቱ አይደለም፤ የታመመችን ላምም አያድንም። የላሞቹ ሁሉ ደም መመርመር አለበት፤ በተለይ ከጊቤ ሸለቆ የተገዙ ከሆነ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲም ያስጨነግፋልና እርሱም ይታይ። የጨነገፉት ላሞች ለብቻ ይታሰሩ፣ ሽሉና እንግዴ ልጁ በባዶ እጅ ሳይነካ ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣ። ክትባቱ የሚያስፈልገው ወደፊት ለሚወለዱት ሴት ጥጆች ነው፤ ለእነርሱ ከተገኘ በደስታ እከትባለሁ። ጋዜጣውን ልጃቸው እንደሚያነብላቸው ስለማውቅ በዚሁ አጋጣሚ ልንገራቸው፦ የደም ናሙናውን ለመውሰድ በፈለጉት ቀን እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ