የዘርዓ ያዕቆብ ሳንቲም የሚባል ነገር የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሰሞኑን አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መስቀል የተቀረጸበት ክብ ነሐስ ይዞ ቤቴ መጣ። የሸጠለት ሰው «ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማችንን ሲቆረቁሩ ያስመቱት ነው» ብሎ አሳምኖታል፤ የከፈለውን ስሰማ አዘንኩለት። ዕቃው በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ለመሆኑ በጠርዙ ላይ የቀረው የመጋጠሚያ መስመር ይመሰክራል። የጥንቱ ሳንቲም ግን በሁለት ማኅተም መካከል በመዶሻ እየተመታ ነው የሚወጣው፤ ገንዘብ «ማስመታት» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በስማቸው ያስመቱት ሳንቲም የለም። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ የተጀመረው የአክሱም ገንዘብ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቆመ በኋላ፣ የደጋው ክርስቲያናዊ መንግሥት እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ የራሱን ገንዘብ አላስመታም፤ ሕዝቡ በአሞሌ፣ በጨርቅና በብረት፣ ወርቅ ያለውም በሚዛን፣ በኋላም 1780 የሚል ዓመት በተጻፈበት የኦስትሪያ የብር ገንዘብ፣ በማርትሬዛ፣ ይገበያይ ነበር። ሐረር የራሷ ገንዘብ ነበራት፤ እርሱ ግን የእስላም ከተማ ገንዘብ ስለሆነ መስቀል አይፈለግበትም።

በሳንቲም ላይ መስቀል ማየት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ አክሱም ይመልስ። የኢዛና ቀደምት ሳንቲሞች ከንጉሡ ራስ በላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ነበራቸው፤ ንጉሡ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦታው መስቀል ገባ። የወርቁ ጽሑፍ ለውጭ ንግድ በግሪክ ቋንቋ ሲቀጥል፣ በብሩና በመዳቡ ላይ ግእዝ እየሰፋ ሄደ። አናባቢ በሌላቸው ፊደላት «በዝ መስቀል ትመውእ»፣ ማለትም «በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ» የሚል የመዳብ ሳንቲም አለ፤ በሌላውም ላይ በግሪክ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ይነበባል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በአንዳንዱ መዳብና ብር ላይ የመስቀሉ መካከል ብቻ በስስ ወርቅ መለበጡ ነው፤ ይህን ጥበብ ሌላው የጥንት ዓለም በገንዘቡ ላይ አልለመደውም።

ያ ወርቅ በጣም ስስ ነው። ሻጩም ገዢውም ሳንቲሙ እንዲያበራ ብለው በሎሚ፣ በአመድና በአሸዋ ሲፈትጉት በመጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው። እኔም በወጣትነቴ መስቀል የያዘውን አንበሳ የተቀረጸበትን፣ 1887 የሚለውን የምኒልክ ብር፣ በአመድ አሽቼ አብረቅርቄ ለጓደኞቼ አሳይቻለሁ፤ ዛሬ የአንበሳው ጋማ አይለይም። ማርትሬዛውን አቅልጦ የአንገት መስቀል ያሠራውን አባቶቻችንን አልወቅስም፤ ለእነርሱ ብር እንጂ ቅርስ አልነበረም።

ዛሬ ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅና መሥሪያ ቤቱ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። እርሻ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፍር ሳንቲም የሚያገኝ ወገኔም አፈሩን ሳያጥብ፣ ከየት ቦታና ከምን ያህል ጥልቀት እንዳወጣው አስጽፎ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያቀርብ ከሳንቲሙ ይልቅ ቦታው ብዙ ይናገራል።

ዝግጅት ክፍሉ ከብሔራዊ ሙዚየም አስፈቅዶ የጥቂት እውነተኛ የአክሱም ሳንቲሞችን ፎቶግራፍ፣ የፊቱንም የጀርባውንም፣ በጋዜጣው ላይ እንዲያወጣልን እለምናለሁ። ተማሪዬ በሚቀጥለው ገበያ ከሻጩ ጋር ሲገናኝ ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ