ከስቶክሆልም ወደ ደሴ፤ በሻዕባን የተጻፈ ደብዳቤ

ስቶክሆልም፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ ለምወድሽ እናቴ፣ ለእህቴና ለታናሽ ወንድሜ፤ ደሴ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ስንገናኝ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ስለምትናገሩ፣ ኔትወርኩም ወሬው ሲጥም ስለሚቆረጥ፣ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ የምፈልገውን ነገር በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ። ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእማ እንዲያነብላት አደራ እላለሁ፤ ስለ ራሱ የተጻፈውንም ሳይዘል።

ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ተጋምሷል። ጨረቃ በመታየቷ የሚወሰን ቢሆንም ረመዳን የካቲት 11 ወይም 12 ቀን ይገባል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 9 ስለሚገባ ዘንድሮ ሰፈሩ በሙሉ ማለት ይቻላል አብሮ ሊጾም ነው። የሚገርመው፣ የስዊድኖቹም የጥንት ጾም የሚጀምረው በዚያው ሳምንት ነው። በዋዜማው ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ማለት ነው፣ ሰምላ የሚሉትን በሄል የታሸ፣ ውስጡ በጣፋጭ የአልሞንድ ልቁጥና በክሬም የተሞላ ዳቦ የማይበላ ሰው የለም፤ እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤትም ለአዛውንቱም ለሠራተኛውም ይታደላል። ድሮ ጾሙን ለመቀበል ይበላ የነበረ ነው። ዛሬ ጾሙን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ዳቦው ግን አለ። ይህን የምላችሁ በሰው ሃይማኖት ለመሳለቅ አይደለም፤ ካልተጠነቀቅን ለእኛም ከረመዳን ሳምቡሳው ብቻ እንዳይቀርልን ብዬ ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የዚህን አገር ጾም ላስረዳችሁ። እናንተ ዘንድ የመግሪብ ሰዓት ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይህን ያህል አይለዋወጥም። እዚህ ግን በየካቲት ቀኑ በየዕለቱ አምስት ደቂቃ ያህል እየረዘመ ይሄዳል። ረመዳን ሲገባ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሲወጣ ግን 12 ሰዓትን ታልፋለች፤ ጎሑም ከፊት እየቀደመ ስለሚመጣ የመጨረሻው ቀን ጾም ከመጀመሪያው ቀን በሁለት ሰዓት ይበልጣል። ያም ሆኖ ይህ ቀላሉ ወቅት ነው። በግንቦት 2010 በገባው ረመዳን እዚህ የሚጾሙ ሰዎች በቀን ከ18 ሰዓት በላይ ጾመዋል። በሰሜን ጫፍ ባሉት ከተሞች ደግሞ በሰኔ ገደማ ፀሐይዋ ጨርሶ ስለማትጠልቅ ከፊሉ በመካ ሰዓት፣ ከፊሉ ፀሐይ በምትጠልቅበት በቅርብ ከተማ ሰዓት ይጾማል፤ ዑለማዎቹም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። እዚህ የቆዩ ወንድሞች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሡት ግን ረሃቡን ወይም ጥሙን ሳይሆን የሌሊቱን ማጠር ነው። ማፍጠሩም፣ የምሽቱ ሶላት ዒሻውም፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚሰገደው የረመዳን ሶላት ተራዊሁም፣ ከጎሕ በፊት የሚበላው ሱሁሩም በዚያች ጠባብ ሌሊት ውስጥ መግባት ስለነበረባቸው፣ ማዕዱ የግድ መጥበብ ነበረበት። ቴምር፣ ውሃ፣ አንድ ድስት ሾርባ፤ ከዚያ ወደ ሶላት።

እማ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ያለውን የቤታችንን ሁኔታ ከዚህ ሆኜ በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ሽንኩርቱ ሲከተፍ፣ ምስሩ ሲቀቀል፣ ሊጡ ሲዳመጥ፣ ቂጣው ሲታጠፍ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች፤ ሙአዚኑ አላሁ አክበር ሲል አንቺ ገና ዘይቱ ፊት ቆመሻል። እጅሽ ሊጥና ዘይት ስለሆነ የምታፈጥሪባትን ቴምር እንኳ እህቴ ናት አፍሽ ውስጥ የምታደርግልሽ። የጿሚ ዱዓ ተመላሽ አይሆንም የተባለላት ያቺ የመጨረሻ ሰዓት፣ እኛ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እጃችንን ስናነሣ፣ አንቺን ሁልጊዜ ማዕድ ቤት ታገኝሻለች። ከዚያ ዕቃ ይታጠባል፣ የሱሁር ይሰናዳል፣ ተራዊህም አንቺ ሳትደርሺበት ያልፋል። እዚህ የራሴን ማፍጠሪያ በራሴ እጅ መሥራት ስጀምር ነው አንድ ሳህን ሳምቡሳ ስንት ሰዓት እንደሚበላ የታየኝ።

ምን እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። ጿሚን ያስፈጠረ ሰው የጿሚው ያህል ምንዳ ያገኛል ብለሽ ሐዲሡን ትነግሪኛለሽ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ነቢያችን፣ ሶለላሁ ዓለይሂ ወሰለም፣ የሚያፈጥሩት በእሸት ቴምር፣ እሱ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከሌለ በጥቂት ጉንጭ ውሃ እንደነበረ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ያ ምንዳ በሦስት ፍሬ ቴምርና በአንድ ሳህን የአጃ ሾርባም ይገኛል፤ አራት ዓይነት ጥብስ በምንዳው ላይ የሚጨምረው ነገር መኖሩን አላውቅም፣ ከአንቺ ሌሊት ላይ የሚቀንሰውን ግን አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ዓመት ሳምቡሳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲሆንልኝ እለምንሻለሁ። በቀሩት ቀናት ቴምር፣ ውሃና ሾርባ ይቅረብ፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ለእራት የተሠራው እንጀራና ወጥ ይበቃል። ሳምቡሳ በሚጠበስበት ቀን ዘይቱ ፊት የሚቆመው ወንድሜ ነው። አንተም ወንድሜ ፊትህን አታጥቁር፤ ነቢያችን በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ግን ወደ ሶላት ይወጡ ነበር ብላለች። መጥበስ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሰው አቅም በላይ አይደለም።

ለጎረቤቶቻችን የሚላከው ሳህን ግን እንዳይቀር። ዘንድሮ እነሱም በሁዳዴ ላይ ስለሆኑ የሚላክላቸው ሳምቡሳ የምስር ይሁን፤ ሥጋ የገባበትን ከላካችሁ እስከ ፋሲካ ሊያቆዩት ነው። ሾርባውም ቅቤ አይንካው።

በዚህ መንገድ የሚተርፈው ሰዓት ለምን ይዋል ካልሽ፣ ከእህቴ ጋር ሆነሽ ወደ ሸዋ በር መስጊድ ለተራዊህ ውጪ። እኔ እዚህ የምሰግድበት ትልቁ መስጊድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የተሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ በ2000 ነው መስጊድ የሆነው። በረመዳን እናቶች ያን ሁሉ ብርድ ችለው፣ ልጆቻቸውን በወፍራም ልብስ ጠቅልለው ሲመጡ ሳይ ሁልጊዜ አንቺን አስባለሁ፤ መስጊዱ በእግር በሚደረስበት ሰፈር እየኖርሽ በሰሐን አጠባ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ረከዓው ስምንት ነው ሃያ ነው እያሉ የሚሟገቱትን አትስሚያቸው፤ የቻልሽውን ሰግደሽ ተመለሺ። በቤት ደግሞ የቁርኣኑን የአማርኛ ትርጉም ከዐስር በኋላ እህቴ ታንብብልሽ።

ወንድሜ፣ ለአንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። በመዲናው የቁርኣን እትም አንድ ጁዝ፣ ከሠላሳዎቹ ክፍሎች አንዱ ማለት ነው፣ 20 ገጽ ነው። ከእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት በኋላ አራት ገጽ የቀራ ሰው በቀን አንድ ጁዝ፣ በወሩም ቁርኣኑን በሙሉ ያኸትማል። ሌሊት ስልክ ላይ ተጥዶ አድሮ ሱሁር የደረሰበት ሰው ግን ከፈጅር በኋላ ይተኛል እንጂ አይቀራም፤ እዚህም የማየው ይህንኑ ነው። ስልክህን ከዒሻ በፊት ለእህታችን አስረክባት፤ እሷ የምትጨክን ናት።

አባ፣ ከእርስዎ ጋር ያለኝ ጉዳይ የስኳሩ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪም ሳያማክሩ መጾምዎን እማ ነግራኛለች። እኔ አይጹሙ ለማለት ዕውቀቱም ድፍረቱም የለኝም፤ ይህን የሚወስነው ሁኔታዎን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ስለሆነም ሻዕባን ሳይወጣ ሄደው፣ መጾም ይችሉ እንደሆነ፣ ከቻሉም የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዴት እንደሚቀየር ይጠይቁልኝ። በራስዎ ፈቃድ ክኒኑን ማጠፍ ወይም መተው አደገኛ ነው። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያፈርስም፤ በጾም ሰዓትም መለካት ይኖርብዎታል። መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ፣ ወይም ቢያልብዎ፣ ቢያንቀጠቅጥዎ፣ ዓይንዎ ብዥ ቢል፣ አዛን አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀረው እንኳ ያፍጥሩ። አላህ በአልበቀራ ምዕራፍ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ፣ ለማይችለውም ድሃ በማብላት እንዲክስ ፈቅዷል፤ እሱ ያቀለለውን እርስዎ በራስዎ ላይ ለምን ያከብዱታል? ሱሁርንም ወደ ጎሑ አስጠግተው ይብሉ እንጂ በእኩለ ሌሊት በልተው አይተኙ፤ ሱናውም ማዘግየቱ ነው፣ ስኳሩንም ይጠቅመዋል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በየዓመቱ የምልከውን የዒድ ወጪ የምልከው በረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር እኩል ልኬዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ነቢያችን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ሲገቡ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሌሊቱን በዒባዳ አሳልፈው፣ ቤተሰባቸውንም ይቀሰቅሱ ነበር። ከአንድ ሺሕ ወር የምትበልጠው ለይለተል ቀድር የምትፈለገውም በእነዚያ ሌሊቶች ነው። እኛ ቤት ግን እነዚያ ቀናት የሚያልፉት የልጆች ልብስ ሲገዛ፣ መጋረጃ ሲታጠብ፣ ቤት ሲቀባ፣ የበግ ዋጋ ሲጠየቅ ነው፤ እማና እህቴ ሌሊቱን የሚያድሩት በድካም እንቅልፍ ነው። ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ዘይቱና ስኳሩ ረመዳን ሳይገባ ያልቁ። ከበዓል በፊት ገበያው ስለሚንር ገንዘቡም በዚህ ይበረክታል። ለበጉ ብቻ የሚሆን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ዘካተል ፊጥርን በተመለከተ የራሴን እዚህ አወጣለሁ። አባ የቤቱን ሰው ሁሉ ቆጥረው፣ በነፍስ ወከፍ ከ2 ተኩል እስከ 3 ኪሎ እህል፣ የዒድ ሶላት ሳይሰገድ ለድሆች እንዲደርስ ቀደም ብለው ያስቡበት፤ ከበላነው ዓይነት ጤፍ ይሁን እንጂ ከጎተራው ጥግ የተረፈ አይሁን። ከላክሁት ላይም ጥቂት ቀንሳችሁ ከሰፈራችን በረመዳን ማፍጠሪያ ለሚቸግራቸው ሦስት ወይም አራት ቤቶች ቴምርና ዱቄት ግዙልኝ። የማን ገንዘብ እንደሆነ አትናገሩ።

እኔ በረመዳን የቀን ፈረቃ ስለሆንሁ ሥራ ላይ ነው የማፈጥረው፤ ቴምሬን በኪሴ ይዤ ለአዛውንቶቹ እራታቸውን እያጎረስሁ። ከኢፍጣር ሰዓት በፊት ስልክ እደውላለሁ ብላችሁ አትጠብቁኝ፤ ከተራዊህ ስትመለሱ ሚስድ ኮል አድርጉልኝ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ። ገንዘቡ እንደደረሰና አባ ሐኪም ዘንድ እንደሄዱ እህቴ ወዲያው ታሳውቀኝ፤ ሐኪሙ የጻፈውንም ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

አላህ ረመዳንን በሰላም ያድርሰን። በዱዓችሁ አትርሱኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

አክባሪ ልጃችሁና ወንድማችሁ